የአያት ታሪክ በ650 ቃላት

አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክት ተማሪ ከሚጠየቃቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ድርሰቱ የእኛን ልጆች የሚያስጨንቅ የለም። ሒሳቡን ይሠሩታል። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ተበድረውም ቢሆን ከፍለው ይፈተኑና እንደምንም ይወጡታል። ድርሰቱ ላይ ሲደርሱ ግን ብዕሩ ይደርቃል። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው፤ የመጣሽበት ቤተሰብና የቤተሰብሽ ታሪክ አንቺን ምን አደረገሽ? ከ650 ቃላት ሳይበልጥ ተናገሪ። ሀዋሳ ውስጥ “እሱ እንግሊዝኛ ይሞክራል” የሚል ስም የወጣለት ሰው በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው በሩን የሚያንኳኩ ልጆች አያጣም። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ጥቂት የማይባሉ አያቶችን በእንግሊዝኛ ተዋውቄያለሁ።

ችግሩ የቋንቋ አይመስለኝም። ይህንን ጥያቄ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው። በእኛ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በቁጥር ነው። ትፈተናለህ፣ ነጥብ ታመጣለህ፣ መንግሥት ይመድብሃል፣ ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ። ቁጥሩ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። እንዲህ ባለው ወንፊት ውስጥ አያትህ ማን ነበሩ የሚል ጥያቄ ቦታ የለውም። መቼም ይሄንን እንደ ጉድለት የሚያየው ሰው አይጠፋም። እኔ አላየውም። ወረቀቱን የሚያርመው ማሽን የማን ልጅ እንደሆንክ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ለድሃ ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሀርቫርድም በአንድ ወቅት ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እዚያ የሚገባው በዋናነት በመግቢያ ፈተና ነበር፤ ያለፈ ይገባል። ነገሩ የተበላሸው እንዲያልፉ የማይፈለጉ ሰዎች ልጆች ማለፍ ሲጀምሩ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው የመጡ አይሁዶች ልጆች እያጠኑ ፈተናውን ይደፍኑት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1922 ከአዲስ ገቢዎቹ ውስጥ ከአምስት አንድ የሚበልጡት አይሁዳውያን ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎውል ቁጥራቸው ይገደብ ብለው ተነሡ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ጩኸት ሆነ፣ መምህራኑም በግልጽ ኮታ ማስቀመጡን ሳይደፍሩት ቀሩ። ታዲያ በፊት ለፊት አልገባ ያለው ነገር በቅጽ በኩል ገባ። በዚያው ዓመት የማመልከቻው ቅጽ አዳዲስ ጥያቄዎች ይዞ ብቅ አለ። ዘርህና የቆዳህ ቀለም ምንድን ነው? ሃይማኖትህስ? እናትህ ከማግባቷ በፊት የቤተሰብ ስሟ ማን ነበር? አባትህ የት ተወለደ? ከሁሉም የምትገርመኝ ግን የስሟ ጥያቄ ናት፤ ከተወለድክ ወዲህ የአንተ ወይም የአባትህ ስም ተለውጦ ከሆነ አብራራ ትላለች። ስሙን እንግሊዝኛ ያስመሰለ አይሁዳዊ ሾልኮ እንዳይገባ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፉ፣ ቃለ መጠይቁ፣ የ“ጠባይ” ምስክርነቱ እየተጨመረ ሄደ፤ የሚገቡት አይሁድ ቁጥርም ወረደ። ጀሮም ካራቤል የሚባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ የዩኒቨርሲቲዎቹን የራሳቸውን ሰነድ እያገላበጠ ይህንን ሁሉ ዘርዝሮታል። እንግዲህ ልጆቻችን ዛሬ እንቅልፍ አጥተው የሚጽፉት ድርሰት የበቀለው በዚህ አፈር ላይ ነው። “እስቲ ስለ ቤተሰብህ አጫውተን” ሲባል መጀመሪያ የታሰበው አጫዋቹን ከበር ለመመለስ ነበር።

በኋላ ዘመኑ ተገላበጠ። ያው “ማን ነህ” የሚለው ጥያቄ ለዘመናት በር የተዘጋበትን ጥቁር ተማሪ ለማስገባት መዋል ጀመረ። ይሄም ብዙ ተሟገቱበትና ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሀርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ በቀረበው ክስ ዘርን ለቅበላ መመዘኛ ማድረግን ከለከለ። ይሁን እንጂ ፍርዱን የጻፉት ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ አንዲት ቀዳዳ ትተዋል። አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን ነገር በድርሰቱ ቢተርክና ያም ጥንካሬውን ወይም ችሎታውን ቢያሳይ፣ ዩኒቨርሲቲው ያንን ማየት ይችላል። ከዚያ በኋላ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የድርሰት ጥያቄያቸውን እንደ አዲስ ጻፉት። ድሮ በቅጹ ላይ በአንዲት መስመር ያልቅ የነበረው ነገር ሁሉ ድርሰቱ ላይ ተጫነ። የሀዋሳዋ ልጅ ሳታውቀው የተቀመጠችው እዚህ ሙግት መካከል ነው።

የስም ጥያቄዋን ላፍታ ልመለስባት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ቅጹን ቢሞሉት ኖሮ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለያይተው ተገኙና የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። ካሳደጓቸው ሰዎች ስም ወስደው ቻርለስ ማርቲን ተባሉ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፣ በርማ ውስጥ ሠሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲመጡ አማርኛ አያውቁም። የማንነታቸውን ጉዳይ የፈታው ወረቀት አልነበረም፤ አያታቸው ከልጅነት ጀምሮ በሰውነታቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ አይተው “የኔ ነው” አሉ። እኒያ ሰው በኋላ ጣሊያን ሲወርረን ለንደን ላይ የሀገራቸው ወኪል ሆነው ተሟግተዋል። የአያት ዓይን ያደረገውን 650 ቃል ያደርገው ይሆን?

ለነገሩ እኛም “የማን ልጅ ነህ?” ማለትን ከፈረንጅ አልተማርንም። ፉከራው በአባት ስም ነው። ጋብቻው ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ የሚያደርስ ነበር፤ ሥልጣን ለመያዝ የተጻፈ የቤተሰብ ታሪክ ማለት ይሄ ነው። በተራው ሰው ዘንድ ደግሞ የትውልድ ቆጠራ ዋና ጥቅሙ ርስት ነበር። በጎጃምና በጎንደር ገበሬ መሬት ሲጠይቅ በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ እየቆጠረ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ጋ መድረስ ነበረበት። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ይህንን ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶት እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አድርጎታል። እንዲህ ያለው ቆጠራ አንድ ጠባይ አለው፤ መሬት ያለው አያት አይረሳም፣ መሬት የሌለው አያት ደግሞ ሁለተኛ ትውልድ ላይ ስሙ ይጠፋል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኛውን ነፃ ማውጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። አያት የምናስታውስበትን አንዱን ምክንያት አብሮ መውሰዱን ግን ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ወደ ሀዋሳ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሀዋሳ ወጣት ከተማ ናት፤ ከብዙዎቹ አያቶቻችን ታንሳለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ስዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ በነበሩ ጊዜ ነው። ቆየት ብሎ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ መጣ። ከዚያ በፊት ግን ቦታው ባዶ አልነበረም። አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን የሚያሰማሩበት፣ ሐይቁ ላይ የሚያጠጡበት ሜዳ ነው። ሀዋሳ የሚለው ቃልም በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው እንዲያርሱ ሰፈሩ። እርሻው፣ ፋብሪካው፣ በ1968 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ (ኋላ የደቡብ፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው) ከወላይታው፣ ከጉራጌው፣ ከከምባታው፣ ከሐድያው፣ ከአማራው፣ ከኦሮሞው ሰው ጠራ። ስለዚህ ሀዋሳ ላይ “አያትሽ ማን ናቸው?” ብሎ መጠየቅ “መቼ መጣችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ወይም ደግሞ “ማን መጣባችሁ?” ብሎ።

አምና ወረቀቷን ይዛ የመጣችው የሰፈር ልጅ ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ ቤት የሚመለከቷት ናት። ይህንን ግን መጀመሪያ አልጻፈችውም። የመጀመሪያው ድርሰቷ በባዶ እግሯ ሁለት ሰዓት እየተጓዘች ውሃ ስትቀዳ እንዳደገች ይተርካል።

“ልጄ፣ እናንተ ቤት ቧንቧ ከገባ አንቺ ከተወለድሽበት ዘመን ይበልጣል እኮ” አልኳት።

“አውቃለሁ ጋሼ፣ ግን እነሱ የሚወዱት እንዲህ ዓይነቱን ነው አሉኝ።”

ማን እንዳላት አልጠየቅኳትም። ሁሉም ይላል። ችግርን ለፈረንጅ መሸጥ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ ልጆቹ የወረሱት ከእኛው ነው። ሁለተኛው ድርሰቷ ደግሞ የአባቷን አባት ጀግንነት የያዘ ነበር። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ወታደር፣ ጡረታ ሲወጡ ሀዋሳ ላይ መሬት ተሰጥቷቸው ጫካ መንጥረው ያቀኑ። የተሻለ ነው፣ ቢያንስ ውሸት የለበትም። ያም ሆኖ ድርሰቱ ሲነበብ ሽማግሌው የመጡበት ሜዳ ላይ ከዛፍ በቀር ማንም የነበረ አይመስልም። “በእናትሽ በኩልስ?” አልኳት። ዝም አለች። እናቷ ሲዳማ ናቸው። የእናቷ እናት በሕይወት አሉ። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እቤታቸው እየሄደች ቡርሳሜ በልታለች፤ አንድም ቀን ግን “አንቺ ልጅ ሆነሽ ሀዋሳ ምን ትመስል ነበር?” ብላ አያቷን አልጠየቀችም።

ጠየቀች። አሮጊቷ መጀመሪያ ያሉት ብዙ አያቶች የሚሉትን ነው፤ ሆድ ይፍጀው። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ተናገሩ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ገመድ የያዙ ሰዎች መጡ፣ ሜዳውን በገመድ ለኩት፣ ችካል ተከሉ። አባታቸው ከብቶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ነዱ። ግማሾቹ መንገድ ላይ አለቁ። ያ ሜዳ ዛሬ የልጅቷ አባት ቤት ያለበት ሰፈር ነው። ሌላም ተናገሩ። የልጅቷ እናት ዛሬ የሚጠሩበት ስም እሳቸው ያወጡት ስም አይደለም። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት የመዝገቡ ሰው “ይሄ ለመጻፍ አይመችም” ብሎ ሌላ ስም ጻፈላት፤ እሷም በዚያው አደገች። ሀርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1922 የጠየቃት ጥያቄ በእኛ ሰፈር መልስ ነበራት ማለት ነው፤ ብቻ ስሙን የለወጠው ባለ ስሙ አልነበረም።

እኔ የአሮጊቷን ታሪክ ስሰማ የወታደሩን ታሪክ የሚሰርዝ መስሎኝ ነበር ያላችሁ እንደሆነ፣ የለም። ወታደሩም መሬታቸው አልዘለቀላቸውም። በ1967ቱ አዋጅ እርሻው ሄደ፣ የቀራቸው የቤቱ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የኖሩት በጡረታቸውና ጓሮ ባለው ሸንኮራ ነበር። አሮጊቷ ስለ እሳቸው ሲናገሩ ልጅቷ ያልጠበቀችውን አሉ። “አባቴን ያስለቀቁት ገመዱን የያዙት ናቸው። እሱ ሰውዬ ሲሰጡት ተቀበለ። ልጄን ለልጁ ሲፈልግ ግን ሽማግሌ ይዞ ደጄ ቆሟል፤ ወታደር ሆኖ ጫማውን አውልቆ።” ጋብቻውን ከሁለቱም ወገን የተቃወመው ሰው ብዙ ነበር።

ሦስተኛው ድርሰት ይህንን ሁሉ ያዘ። “ይህ ምን አደረገሽ?” ለሚለውም መልስ ነበራት። የመሬት ልኬት ማጥናት ትፈልጋለች፤ ቀያሽ መሆን። ገመዱን የሚይዝ ሰው ቢያንስ ሜዳው ላይ ማን እንዳለ ቀና ብሎ ማየት አለበት ብላ ጻፈች። ቋንቋዋን ትንሽ አቃናሁላት፣ ሐሳቧን አልነካሁም።

ችግሩ የመጣው ድርሰቱ እቤት ሲነበብ ነው። ቤቱ የተሠራው የእናቴ አያት ከብት ያሰማሩበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ የአባቷ ታላቅ ወንድም ቆሙ። እኚህን ሰው ፈሪ ማለት አይቻልም። ይህ ከተማ ምን እንዳየ ያውቃሉ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሎቄ ላይ በከተማዋ ይዞታ ጉዳይ ሰልፍ የወጡ ሰዎች ተተኩሶባቸው ሞተዋል። በ2010 ዓ.ም. የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ጎረቤት ከጎረቤቱ ተጋጭቶ ሰው አልቋል፣ ቤት ተቃጥሏል። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልል ጥያቄው ቀን ሲደርስ እንደገና። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲዳማ ክልል ሆነ፣ ሀዋሳም ዋና ከተማው። ለአንዱ ቤተሰብ ይህ የመቶ ዓመት ጥያቄ መልስ ነው፤ ለሌላው ሌሊቱን ነቅቶ ያደረበት ሳምንት ነው። ለዚህች ልጅ ቤተሰብ ሁለቱም ነው። አጎትየው በ2011ዱ ሐምሌ የወንድማቸውን ቤት በር ላይ ቆመው የጠበቁት የሲዳማ ዘመዶች እንደነበሩ አልረሱም። ቢሆንም ወረቀት ወረቀት ነው ይላሉ።

“ይሄ ነገር ነገ ማዘጋጃ ቤት ቢገባስ? በገዛ ልጃችን እጅ፣ ‘ቦታው የእነ እገሌ ነበር’ ተብሎ ተጽፎ? ካርታ እንኳ ገና አልወጣለትም እኮ!”

በእውነቱ መልስ አጣሁላቸው። ኦሃዮ ወይም ቦስተን ያለ አንባቢ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚያየው ቅን ልጅ ነው። እዚህ ያለ አንባቢ የሚያየው ማስረጃ ነው። የቤተሰብ ታሪክ እዚያ ያስመርጣል፣ እዚህ ያስከስሳል። በቀበሌ መታወቂያችን ላይ “ብሔር” የምትል ባዶ መስመር ይዘን ስንት ዓመት ኖርን፤ መስመሯ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው የምትይዘው። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ይህንን አይጠይቅም፤ እኔ በበኩሌ ተመስገን ብያለሁ። ግን የማይጠየቅ ነገር ሁሉ የተፈታ ነገር አይደለም። ይህች ልጅ በ650 ቃላት ያደረገችው ነገር በአንድ ቃል መስመር የማይሞላውን መጻፍ ነው። ለዚህም ነው ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ ሲባል እኔም ከልጅቷ ጎን የቆምኩት። እሱ ከወጣ የሚቀረው ስለ ዛፍ መንጠር ብቻ ነው።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ወሰደ። እናትየው የድሮ ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም ነበር፤ ኋላ “ስሙ ይቅር፣ መለወጡ ግን ይጻፍ” ብለው ተስማሙ። አባትየው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ፈቃድ ይሁን ድካም መለየት አይቻልም። አሮጊቷ ከሁሉም ቀለል አድርገው አዩት። እንግሊዝኛውን የልጅ ልጃቸው በሲዳምኛና በአማርኛ እያቀላቀለች ስታነብላቸው አንድ ነገር ብቻ አረሙ፤ ከብቶቹ ያለቁት ግማሾቹ ሳይሆኑ አሥራ አንዱ ናቸው፣ እያንዳንዱም ስም ነበረው አሉ። ቁጥሩ ተስተካከለ። ስማቸውን ለመጻፍ ቃላቱ አልበቁም።

አጎትየው በመጨረሻ የሰጡት ፈቃድ በቅድመ ሁኔታ ነው። “እንግዲህ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይሂድ” አሉ። “ወደ አማርኛ እንዳይመለስ ብቻ።” የሰፈሩን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ለእሳቸው ስል ነው።